ስለ ግራዋ ጥቅምና አጠባበቅ

በየዓመቱ ከየወረዳው ወደ በላይ መሥሪያ ቤት የሚላከው የእርሻ መግለጫ ብዙ ነገር ይቈጥራል። የታረሰው መሬት በሄክታር፥ የገባው እህል በኩንታል፥ ከብቱ በየዓይነቱ፥ የተተከለው ባሕር ዛፍ በእግር እየተቈጠረ ይጻፋል። በእርሻው ድንበርና በጓሮው አጥር ላይ ክረምት ከበጋ ለምልሞ የሚቆመው ግራዋ ግን በዚህ መግለጫ ውስጥ ስም የለውም። ወደ ገበያ የሚወጣው ከስንት አንዴ ስለሆነ ዋጋ አልተቈረጠለትም፤ ዋጋ ስላልተቈረጠለት የሚቈጥረው የለም፤ የሚቈጥረው ስለሌለም በተመነጠረ ጊዜ ምን ጠፋ ብሎ የሚጠይቅ አይገኝም። «የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» እንደሚባለው፥ በደጅ የበቀለ ነገር በቅርብነቱ የተናቀ ሆኗል።

ከዚህ በታች የሚነገረው ግራዋ ምን ዓይነት ተክል እንደሆነ፥ ለገበሬው ቤት ምን እንደሚሰጥ፥ በመመንጠሩም የሚመጣው ጉዳት ምን እንደሆነ ነው። ጉዳዩ የአንድ ቁጥቋጦ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በበጋ መጨረሻ ከብት በሕይወት የመሰንበቱና ያለመሰንበቱ ጉዳይ ነውና፥ የወረዳ ሹማምንትና የእርሻ ሠራተኞች ልብ ሊሉት ይገባል።

የተክሉ ጠባይና ወገን

ግራዋ በትግርኛም በዚሁ ስም ይታወቃል፤ በኦሮምኛ ኢቢቻ ይባላል። ከቆላው ዳርቻ ጀምሮ በወይና ደጋው ሁሉ፥ በደጋውም እስከ 3000 ሜትር ከፍታ ግድም ይበቅላል። ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 5 ሜትር የሚደርስ ቁጥቋጦ ነው፤ ሳይቈረጥ ከተተወ ግን ዛፍ ሆኖ እስከ 10 ሜትር ሊያድግ ይችላል። ቅርፊቱ አመድማ ወይም ቡናማና ሻካራ ነው። ቅጠሉ ሞላላ ሆኖ ጫፉ የሾለ ሲሆን ርዝመቱ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። መራራነቱንም ቀምሶት የማያውቅ ሰው እንኳ በስም ያውቀዋል።

የዕፀዋት ሊቃውንት ግራዋን ከኑግ፥ ከሱፍና ከአደይ አበባ ጋር በአንድ ቤተ ሰብ ይመድቡታል። ይህ ቤተ ሰብ ከ20000 የሚበልጡ ዓይነቶች ያሉት፥ በምድር ላይ ካሉት የአበባ ተክል ወገኖች እጅግ ከበዙት አንዱ ነው። መታወቂያውም አበባው ነው፤ ይኸውም በሩቅ ሲያዩት አንድ አበባ የሚመስለው ቀርበው ሲመረምሩት ብዙ ጥቃቅን አበቦች በአንድ ራስ ላይ የተሰበሰቡበት ማኅበር ሆኖ ይገኛል። በአደይ አበባ ዙሪያ እንደ ምላስ የተዘረጉት ቢጫ ቅጠሎች በግራዋ ላይ የሉም፤ ያሉት ነጫጭ ጥቃቅን ቱቦዎች ብቻ ናቸው። እነዚህ ራሶች ደግሞ በቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ተጨናንቀው ሰፊ ነጭ ጉንጉን ይሠራሉ፤ መዓዛቸውም በተለይ ወደ ማታ ይጐላል።

ስሙን በተመለከተ፥ ካይዮ የተባለው ፈረንሳዊ መንገደኛ ከሱዳን ጕዞው ባመጣቸው ዕፀዋት መካከል ይህ ተክል ነበረበትና፥ ደሊል የተባለው የአገሩ ሊቅ በ1826 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መርምሮ በመጽሐፍ ገለጠው። ስሙንም ቬርኖኒያ አሚግዳሊና አለው። የመጀመሪያው ቃል ዊልያም ቬርኖን ለተባለው እንግሊዛዊ የዕፀዋት ሰብሳቢ መታሰቢያ የወጣ የወገን ስም ነው፤ ሁለተኛው ቅጠሉ የለውዝ ቅጠል መምሰሉን ያመለክታል። ለውዝ ሲባልም በመጻሕፍት የሚነገረው ዛፍ ነው እንጂ ዛሬ በገበያ በዚህ ስም የሚጠራው ኦቾሎኒ አይደለም። ቬርኖኒያ የተባለው ወገን ከጊዜ በኋላ እጅግ ሰፍቶ አንድ ሺህ ያህል ዓይነት ስለያዘ፥ ሃሮልድ ሮቢንሰን የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ ከፋፍሎት በ1999 የአፍሪካዎቹን ቁጥቋጦችና ትንንሽ ዛፎች ጂምናንተሙም ወደሚባል ወገን መለሳቸው። ይህን ስም ካሲኒ የተባለ ፈረንሳዊ አስቀድሞ በ1817 አውጥቶት ነበር፤ ትርጓሜውም በጽርእ ቋንቋ ራቁት አበባ ማለት ነው። ስለዚህ በአሮጌ መጻሕፍት ቬርኖኒያ፥ በአዲሶቹ ጂምናንተሙም ተብሎ ቢገኝ ተክሉ አንድ ነውና አንባቢው ሊሳሳት አይገባም።

በበጋ ለከብት መኖ ስለመሆኑ

ግራዋ በአገራችን ቤት ሁሉ የታወቀበት ሥራ የጠላና የጠጅ ዕቃ ማጠብ ነው። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ከታጠበ በኋላ በወይራ ይታጠናል፤ ይህን የማታውቅ ባልትና አዋቂ የለችም። ከዚህ የሚበልጠው ጥቅሙ ግን በብዙ ቦታ ሳይስተዋል ቀርቷል፤ እርሱም የበጋ መኖነቱ ነው።

ይህ እንዲገባ አስቀድሞ የከብትን ሆድ አሠራር መረዳት ያስፈልጋል። ላም የበላችውን ገለባ ራሷ አትፈጨውም፤ የሚፈጩላት በጨጓራዋ ውስጥ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ሕይወት ያላቸው ነገሮች ናቸው። እነርሱም ሥራቸውን ለመሥራት ፕሮቲን የተባለውን ገንቢ ምግብ ይፈልጋሉ። በመኖው ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከመቶ 7 ግድም ካነሰ ይደክማሉ፤ እነርሱ ሲደክሙ ገለባው ሳይፈጭ በሆድ ውስጥ ይቈያል፤ ላሚቱም ሆዷ ስለሞላ ሌላ ለመብላት አትችልም። ስለዚህ በመጋቢትና በሚያዝያ ገለባ ፊቷ ተከምሮ ሳለ የምትከሳው ላም ሰነፍ ወይም በሽተኛ ሆና አይደለም፤ ሆዷ ሞልቶ ትራባለች እንጂ። የስንዴና የገብስ ገለባ ብዙ ጊዜ ከመቶ 3 እስከ 5 ብቻ ፕሮቲን አለውና።

የግራዋ ቅጠል ግን በደረቅ ክብደቱ ሲመዘን ከመቶ 20 ያህል፥ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ፕሮቲን እንዳለው የመኖ ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። ሒሳቡ ቀላል ነው። ፕሮቲኑ ከመቶ 4 ከሆነው ገለባ 4 ኪሎ ተወስዶ 1 ኪሎ ደረቅ የግራዋ ቅጠል ቢጨመርበት፥ የተቀላቀለው መኖ ፕሮቲን ከመቶ 7 በጥቂት ያልፋል። ይህም ቀደም ሲል የተነገረው ወሰን ነው። እርጥብ ቅጠል አብዛኛው ውሃ ስለሆነ 1 ኪሎ ደረቅ ለማግኘት 4 ወይም 5 ኪሎ እርጥብ ቅጠል መቍረጥ ያስፈልጋል። ይህን ያህል ቅጠል በየቀኑ ለማግኘት አንድ ሁለት ግራዋ እንደማይበቃ፥ በድንበሩ ርዝመት ሁሉ የተሰለፈ አጥር እንደሚያስፈልግ ከዚህ ይታወቃል። ያለውን መመንጠር የሚጎዳውም ስለዚህ ነው፤ የፋጉሎ ዋጋ የማይቀመስበት ገበሬ በድንበሩ ላይ ያለውን ፕሮቲን በገዛ እጁ አጠፋ ማለት ነው።

ስለ ንብና ስለ አፈር

ግራዋ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ወራት ያብባል። በዚያን ጊዜ አደይ አበባው ካለፈ ሰንብቷል፤ የመስከረሙና የጥቅምቱ የመጭና የኑግ አበባም አልቋል። ስለዚህ ቀፎ ላለው ሰው ግራዋ በክረምት ማብቂያ አበባና በበልግ አበባ መካከል ያለውን ባዶ ወራት የሚሞላ ድልድይ ነው። ንብ ከእርሱ ማርም የአበባ ዱቄትም ታገኛለች፤ በብዙ የአገራችን ክፍሎችም የግራዋ ማር ለብቻው ይታወቃል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ከብቱ ቅጠሉን፥ ንቡ አበባውን የሚሻ ከሆነ ሁለቱ አይጣሉምን? ወራቱ ራሱ ያስታርቃቸዋል። አበባው የሚያበቃው በየካቲት ነው፤ የመኖው ችግር የሚጠናው ከየካቲት እስከ ግንቦት ነው። አበባው ካለፈ በኋላ የሚቈርጥ ሰው ከንቡም ከከብቱም ድርሻውን ያገኛል፤ በታኅሣሥ የሚመነጥር ግን ሁለቱንም ያጣል።

በደቡብ በጌዴኦና በሲዳማ አገር ግራዋ ከእንሰትና ከቡና ጋር በአንድ ጓሮ ይተከላል። ለቡናው ጥላ ይሆናል፤ ቅጠሉም ወድቆ ወይም ተቈርጦ ከእግሩ ሲጣል ቶሎ ስለሚበሰብስ መሬቱን ያዳብራል። የጌዴኦ ሕዝብ ዛፍን፥ እንሰትንና ቡናን በአንድነት የሚያለማበት ይህ ጥንታዊ ዘዴ በ2023 በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በእህል አገር ቁጥቋጦ ከማረሻ ጋር ይጣላል ተብሎ ሲነቀል፥ በዚያ ግን ለምነት ያለው በመደባለቁ መሆኑን የጌዴኦ ገበሬ በሥራው አሳይቷል።

በሌሎች አገሮች ስለ ግራዋ የሚታወቀው

ግራዋ የአፍሪካ ተክል ነውና ሌሎች ሕዝቦችም የየራሳቸውን ጥቅም አግኝተውበታል። በናይጄሪያና በካሜሩን ቅጠሉ ለሰው ምግብ ነው። ሴቶች ደጋግመው በውሃ እያሹና እየጨመቁ መራራነቱን ካወጡለት በኋላ ወጥ ይሠሩበታል፤ በካሜሩን ከኦቾሎኒ ጋር የሚሠራው ንዶሌ የተባለው ወጥ የአገሩ መታወቂያ ምግብ ሆኗል። ለዚህም ሲባል በጓሮ ይተከላል፥ በየገበያው በእስር ይሸጣል። ተክሉ የእኛው ነው፤ ልዩነቱ በዚያ ዋጋ ተቈርጦለት መቈጠሩ ነው።

በታንዛኒያ ደግሞ በማሃሌ ተራሮች ደን ውስጥ በ1987 አንድ የሚያስደንቅ ነገር ታየ። ማይክል ሃፍማን የተባለው የዝንጀሮ ወገኖች ተመራማሪ ከአገሩ ተወላጅ ከመሐመዲ ሰይፉ ጋር ሆኖ የታመመች አንዲት ቺምፓንዚ ሲከታተል፥ የግራዋ ለጋ ግንድ ሰብራ ቅርፊቱንና ቅጠሉን ጥላ ውስጡን እያኘከች መራራ ውሃውን ስትመጥ አያት። በማግስቱም ብርታቷና የመብላት ፍላጎቷ ተመልሶላት ተገኘች። የአገሩ ሰዎች ዋቶንግዌዎችም ይህንኑ ተክል ለሆድ ሕመም ይጠቀሙበት ነበር። ምርመራው በ1989 ታትሞ ከወጣ በኋላ ሊቃውንት በተክሉ ውስጥ ያሉትን መራራ ነገሮች ለይተው፥ በሆድ ትላትል ላይ ኃይል እንዳላቸው አገኙ።

ከዚህ ታሪክ ለሹማምንት የሚጠቅመው ቁም ነገር ሌላ ነው። እንስሳዪቱ የጣለችው ቅርፊትና ቅጠል መራራው ነገር የበዛበት ክፍል ነው፤ መጠኑ ካለፈ የሚያድነው ራሱ ይጐዳል። ስለዚህ የግራዋ ጭማቂ ለወባም ለሌላም በሽታ መድኃኒት ነው እያሉ ለሕዝብ ማስተማር የእርሻ ሠራተኛ ሥራ አይደለም። የታመመ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ፤ ግራዋ ግን በመኖነቱ፥ በአበባውና በአፈር አዳባሪነቱ ይነገርለት።

በሐረር የተገኘው ዘመዱና ሕጉ

በደጅ ያለውን መናቅ ምን ያህል እንደሚያስቀር የሚያሳይ ሌላ ምሳሌ አለ። ከግራዋ ጋር የሚዛመድ፥ ቁጥቋጦ ሳይሆን የአንድ ዓመት አዝርዕት የሆነ ቬርኖኒያ ጋላሜንሲስ የሚባል ተክል በምሥራቅ ኢትዮጵያ ይበቅላል። በ1964 ሮበርት ፐርዱ የተባለው አሜሪካዊ የዕፀዋት ሊቅ ከሐረር አጠገብ በመንገድ ዳር አግኝቶ ዘሩን ወሰደ። ዘሩ ሲመረመር ከመቶ 40 ያህሉ ዘይት ሆኖ ተገኘ፤ ከዘይቱም አብዛኛው ለቀለምና ለፕላስቲክ ሥራ የሚፈለግ ልዩ ዓይነት አሲድ ነበር። በአገሩ ሰው ዘንድ እንደ አረም ይታይ የነበረው ተክል ከዚያ በኋላ በብዙ አገር ቤተ ሙከራ ተጠና።

ዛሬ ይህን የመሰለውን ጉዳይ የሚገዛ ሕግ አለ። የጀነቲክ ሀብትና የኅብረተሰብ ዕውቀት አርክቦትን የሚመለከተው አዋጅ ቍጥር 482/1998 ማንም ሰው ያለ ፈቃድ የአገርን የዕፀዋት ሀብት ለምርምር ወይም ለንግድ እንዳይወስድ ይከለክላል። ስለዚህ የወረዳ ሹም ዘርና ቅጠል ሰብሳቢ እንግዳ በመጣ ጊዜ የፈቃድ ወረቀቱን መጠየቅ ግዴታው ነው። ይሁን እንጂ የገዛ አገሩን ተክል በስም የማያውቅ ሹም ምን እንደሚወሰድበት እንዴት ያውቃል?

ስለ አተካከሉና ስለ አያያዙ

የግራዋ ዘር ጥቃቅንና ጠጉራም ሆኖ ነፋስ ይበትነዋል፤ በመደብ ሲዘራ ግን ብዙው ሳይበቅል ይቀራል። ስለዚህ በቍራጭ መትከል ይሻላል። ዝናብ ሲገባ ከጠነከረው ቅርንጫፍ አንድ ክንድ ያህል ተቈርጦ፥ ግማሹ በአፈር ውስጥ እንዲሆን ሰያፍ አድርጎ መትከል ነው፤ ያዘመመው ቍራጭ ቀጥ ብሎ ከተተከለው ይልቅ ቶሎ ብዙ ጕንቍል ያወጣል። የችግኝ ጣቢያም፥ ገንዘብም፥ ከሩቅ የሚመጣ ዘርም አያሻውም። የሚያሻው በመጀመሪያው በጋ ፍየል እንዳይነካው መጠበቅ ነው።

ከጸና በኋላ በወገብ ቍመት ቢቈረጥ መልሶ ያቈጠቍጣል። ሁሉን በአንድ ቀን መላጨት አይገባም፤ ተራ በተራ ከየሦስቱ አንዱን እየተዉ ቢቈርጡ ድንበሩ አይራቈትም፥ ለሚቀጥለው ዓመትም አበባ ይተርፋል። ከቅጠሉ የተለየው ጭራሮ ለማገዶ ይሆናል።

ሲመግቡም መጠን ይጠበቅ። ከብት ያልለመደውን መራራ በመጀመሪያ ይጠየፋል። ቅጠሉ አንድ ቀን ጠውልጎ፥ በጥቂቱ ከገለባ ጋር ተቀላቅሎ፥ ጨው ያለበት ውሃ ቢርከፈከፍበት በጥቂት ቀናት ይለምደዋል። ከመኖው ከአምስት አንድ እጅ ይበቃል፤ ከሲሶው በላይ ግን አይሰጥ። ብቻውን ለተራበ ከብት መስጠት ከቶ አይገባም።

ከሹማምንት የሚጠበቀው

ግራዋ የሚጠፋው በጠላትነት አይደለም። እርሻ ሲሰፋ ድንበሩ ይጠባል፤ ማገዶ ሲጠፋ የቅርቡ ይቈረጣል፤ ከሁሉ ይልቅ ግን ቦታውን ባሕር ዛፍ ይወስደዋል። ባሕር ዛፍ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ለአገሩ ማገዶና የቤት እንጨት ሆኖ ብዙ ጠቅሟል፤ ገበሬውም የሚተክለው በአንድ ጊዜ ብዙ ገንዘብ ስለሚያገኝበት ነውና አይነቀፍም። ነገር ግን ባሕር ዛፍ ለከብት ቅጠል አይሰጥም፥ በአጠገቡ ያለውንም እህል ያቀጭጫል። ግራዋ የሚከፍለው በጥቂት በጥቂቱ ነው፤ ለጋኑ እፍኝ ቅጠል፥ ለጥጃዪቱ አንድ እስር፥ ለቀፎው የሁለት ወር አበባ። ይህ ክፍያ ገንዘብ ሆኖ ስለማይታይ ከሒሳብ ይቀራል፤ ከሒሳብም የቀረው ያለ ክርክር ይሸነፋል።

ስለዚህ ሦስት ነገር ማድረግ ይቻላል፤ አንዳቸውም በጀት አይጠይቁም። አንደኛ፥ ለመንገድ፥ ለመስኖ ቦይ ወይም ለአዲስ እርሻ ምንጠራ ሲታዘዝ «ቁጥቋጦው ይመንጠር» ተብሎ በጅምላ አይጻፍ፤ በቦታው ያለው ተክል በየስሙ ተጽፎ የሚቀረውና የሚነሣው ይለይ። ሁለተኛ፥ በዓመቱ መግለጫ ላይ ከባሕር ዛፉ መስመር በታች ግራዋና እርሱን የመሰሉት የድንበር ዛፎች የሚጻፉበት መስመር ይጨመር፤ በግምት እንኳ ቢሆን የአጥሩ ርዝመት በሜትር ቢጻፍ የዘንድሮውን ከአምናው ለማስተያየት ያስችላል። ሦስተኛ፥ ይህን ለማወቅ ጥያቄው የሚቀርበው ለአባወራው ብቻ አይሁን። ጋኑን የምታጥበው፥ ለጥጃው ቅጠል የምትቈርጠው፥ ጭራሮ የምትለቅመው እማወራዪቱ ናት፤ በድንበሩ ላይ ስንት ግራዋ እንደነበረና ስንት እንደቀረ በእርግጥ የምትናገረው እርሷ ናት።

ዝናብ ሳይገባ ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ የወረዳ ሠራተኛ መልሱን ይዞ የመትከያው ወራት ይደርስለታል። ቍራጩ ከጎረቤት ድንበር ይገኛል፤ መሬቱም ያው የተለመደው ድንበር ነው። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው በጋ፥ ገለባው ፊቷ ተከምሮ ሆዷ ሞልቶ የምትራበው ላም ከገለባው ጋር የምትበላው እርጥብ ቅጠል ይኖራታል።